ክብርት ቀና-በሉ

የትም ሕንፃ ብትሄዱ የሰው አቀማመጥ እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ጎረቤት አታጡም። የእኛ ጎረቤት ከበላያችን ባለው ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ናቸው፤ እኔ በሆዴ «ክብርት ቀና-በሉ» እላቸዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ቢያሰናብታቸውም ሥራቸውን አላቆሙም፤ ክፍላቸውን ወደ ደረጃው አዛወሩት እንጂ።

ጎብጦ የተቀመጠ ሰው ካዩ አያልፉትም። «ሳንባህን አትቅበረው» ይሉታል። ፎቶ ቤት ገብተው የማያውቋትን ሙሽራ ትከሻዋን ወደ ኋላ ጎትተዋል። ለቅሶ ቤት እንኳ አንገቱን የደፋ ሐዘንተኛ አገጩን በሁለት ጣት ከፍ አድርገው፣ «አልቅስ ልጄ፣ ግን ቀና ብለህ» ብለውታል። እኔማ ኮቴያቸውን ስሰማ በሬን የምቆልፍ ሰው ነበርኩ። በገዛ ቤቴ እንደፈለግሁ ልጋደም እንጂ!

እናቴ ልቧ ደክሞ አልጋ ስትይዝ ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ሁሉም ደግ ነው፤ ሁሉም «ትረፍ፣ ጋደም ትበል» ይላል። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ከጀርባዋ አንድ ትራስ ይወጣል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭራሽ በጀርባዋ አስተኛናት። ብዙም ሳይቆይ ትንፋሿ አጠረ፤ ከንፈሯ ጠቆረ። እኔ እንደ ሞኝ «አይዞሽ፣ ተኚ» እላለሁ። መናገር አቅቷት እጄን ጨመቀችው። የማጣት መሰለኝ።

ክብርት ቀና-በሉ ገቡ። ማን በሩን እንደከፈተላቸው አላውቅም። ማንንም አልተቆጡም። እናቴን አቅፈው አስቀመጧት፣ እግሯን ከአልጋው ወደ ታች አወረዱት፣ ጠረጴዛ አስጠግተው ትራስ ላይ በክንዷ አስደገፏት።

«ስትጋደም ሆዷ ሳንባዋን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ለአየር ቦታ አይተርፍም። ሐኪም ጥራ» አሉኝ።

ሐኪሙ እስኪመጣ ከጎኗ ተቀምጠው አብረዋት ተነፈሱ፤ ከንፈሯም ቀስ በቀስ መልኩ ተመለሰ። ሐኪሙ መድኃኒቷን ለወጠ። ልብ ሲደክም ሳንባ ውኃ እንደሚቋጥር፣ ሲጋደሙ ደግሞ እንደሚብስ ነግሮኝ፣ ከእንግዲህ ከፍ ብላ ትተኛ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ ማታ ማታ እየመጡ ትራሷን ይደረድራሉ፤ በዕለቱ ያዩትን ጎባጣ ሁሉ ያሙላታል፤ እናቴ ትስቃለች። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ማታ ቀሩ። ትራሱን እኔው ደረደርኩት፤ እናቴም ደህና ተኛች። እኔ ግን ወዲያ ወዲህ ስል አመሸሁ። በማግስቱ ወጥቼ በራቸውን አንኳኳሁ።

«ምነው ቀሩ?»

«ሰው ይሰለቻል ብዬ ነዋ ልጄ። አሁን አንተም ለምደኸዋል።»

«እናቴ እርስዎ ካልመጡ አይመቸኝም ብላለች» አልኳቸው።

ሻርፓቸውን ደረብ አድርገው ቀድመውኝ ወረዱ። እናቴ ምንም አላለችም ነበር፤ እሳቸውን የናፈቅሁት እኔ ነኝ።