የካሳነሽ ሐይቅ

አገር የሚድነው አስቀድመው በሚሰጉ እናቶች ነው። ካሳነሽ ደግሞ ከዲላ እስከ ወናጎ በዚህ ሙያ የሚስተካከላት አልነበረም፤ ሰማዩ ሳይደምን ጎርፉን ታየዋለች። ልጇ ማርቲ ለመመረቂያ ጥናቷ ዓሣ በል ወፎችን ለማየት አባያ ሐይቅ ዳር እንደምትሰነብት ስትነግራት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ከጨረሰች ሴት እንደሚጠበቀው ጉዳዩን ከየአቅጣጫው መረመረችው። በየአቅጣጫው አዞ አገኘች።

"እዚሁ አጥኚ።"

"እማዬ፣ እዚህ ሐይቅ የለም።"

"ሐይቅ ማለት ውሃና ዓሣ አይደለም እንዴ?"

ጓሮ ያለውን ባዶ የቆጮ ጉድጓድ ሸራ አልብሳ በውሃ ሞላችው። ባለባጃጁ ቦና ከአባያ በጀሪካን ያመጣቸውን ቆሮሶ የሚባሉ ዓሣዎች ከነነፍሳቸው ለቀቀችበት። ባሏ ደበበ እንሰቱ መሐል ቆሞ ሐይቁን ጎበኘ።

"ማዶው ቅርብ ነው" አለ።

"ይሁና። አዞ የለበትም።"

ብዙ ሳይቆይ አንድ ግራጫ፣ እግረ ረጅም ወፍ መጥቶ ጠርዙ ላይ ቆመ። ካሳነሽ ጎረቤቷን ሙሉካን በአጥሩ በኩል ጠራቻት።

"አየሽልኝ? ወፍም ደህና ቤት ያውቃል።"

"ዓሣሽን እየዋጠልሽ ነው እኮ።"

"እንግዳ አይደል? ይብላ።"

እንግዳው በላ። የመጨረሻዋን ቆሮሶ ከዋጠ በኋላ ውሃውን ትንሽ ተመለከተና ያለምስጋና ወደ አባያ በረረ።

"ይመለሳል" አለች ካሳነሽ።

"አይመለስም፣ እማዬ። ውሃው ሲጠብ ዓሣው ያንሳል፤ ዓሣው ሲያንስ ወፍ ጫጩት ማሳደግ አይችልም፣ ጥሎ ይሄዳል። ጥናቴ ይኸው ነው።"

"ጠልቶን አይደለም?"

"ርቦት ነው።"

ካሳነሽ በማግስቱ የልጇን ሻንጣ ራሷ አዘጋጀች፤ ዳቦ ቆሎ፣ አጎበር፣ አዞ ከመጣ የሚነፋ ፊሽካ። ማርቲ ባጃጁ ውስጥ ከገባች በኋላ ካሳነሽ አንገቷን አስግጋ ጠየቀቻት።

"ለመሆኑ አባያ ስፋቱ ምን ያህላል?"

"ማዶው አይታይም።"

"ዓሣውስ?"

"ሞልቷል።"

ካሳነሽ አዞውን እዚያው ረሳችው። እንዲህ ያለ ክፉ ወሬ ሰምታ አታውቅም፤ ሰፊ ውሃና ብዙ ዓሣ ያገኘ ወደ ጠባቡ አይመለስም።

ደበበ ልጁን ሸኝቶ ከበር ሲመለስ ሚስቱን ጓሮ አገኛት። ዶማ ይዛ ጉድጓዱን ታሰፋለች።

"ደግሞ ምን ሆንሽ?"

"ማዶው ቅርብ ነው ያልከኝ አንተ ነህ" አለችው፣ ቀና ሳትል።