ሁለት ጊዜ ያለቀው ቤት

ሪፖርት የሚወድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ ዛሬ እዩ፤ እኔ ነኝ። በሬዲዮ «በበጀት ዓመቱ የተከናወኑ ዐበይት ተግባራት» ሲባል ሥራዬን ትቼ ድምፁን ከፍ አደርጋለሁ። አትሳቁ። እስቲ አስቡት፤ በሪፖርት አገር ማን ይቸገራል? ማንም። «ተግዳሮት ያጋጥመዋል» እንጂ። የቀረ ሥራም የለም፤ «ቀጣይ ትኩረት የሚሻ» ነው ያለው። እኔም ጠዋት ወገቤን ሲይዘኝ «የወገብ ዘርፍ ቀጣይ ትኩረት ይሻል» እላለሁ። ቀለል ይለኛል።

ይህ ፍቅር ከሥራዬ የመጣ ነው። ጅማ ውስጥ፣ ወደ ጅሬን በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እተይባለሁ፣ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ እተረጉማለሁ። አባቴ ለቡና ለቀማ መጥቶ በዚያው የቀረ ሰው ነው። እኔ እዚሁ ስለተወለድኩ የምቆጣው በአማርኛ፣ የምስቀው በኦሮምኛ ነው። የክልሉ ሪፖርት በሬዲዮ ይነበባል፣ ከዚያ የከተማው ይከተላል፣ መጨረሻ ላይ የቀበሌያችን እኔ ዘንድ ይመጣል። የቀበሌውን ስም አልነግራችሁም፤ ነገም ሰላም የምንባባል ሰዎች ነን። ትልቁም ትንሹም ሪፖርት ያው ሦስት ምዕራፍ ነው፤ ፋይናንስ፣ ቤት፣ የሕዝብ ሥራ።

ፋይናንሱን ቶሎ ነው የማልፈው፤ ቁጥር ሲበዛ ዓይኔ ይፈዛል። የሕዝብ ሥራው ግን የእኔም ጉዳይ ነው። ከሱቄ ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ መውረጃ ክዳን አልነበረውም። ዝናብ ሲጥል ደንበኛ ወደ እኔ የሚመጣው ዘሎ ነበር። መዝለል የማይችል ሽማግሌ ደግሞ ማዶ ቆሞ ማመልከቻውን በጩኸት ይነግረኛል፤ ከልጁ ጋር ለምን እንደተካሰሰ ሰፈሩ ሁሉ አብሮኝ ይሰማል። አሁን ተከድኗል፣ ኮብልስቶንም ተነጥፏል። ሪፖርቱ «ለኅብረተሰቡ ዘርፈ ብዙ አገልግሎት እየሰጠ ይገኛል» ይላል፤ እውነቱን ነው። ጠዋት በቆሎ ጠባሿ ትቀመጥበታለች፣ ከሰዓት ጫማ ይጠረግበታል፣ እኔም በደረቅ እግሬ እገባለሁ። ሰው ሲደረግለት ማመስገን አለበት። አመሰግናለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ኑሩ መጣ። ኑሩ አብሮ አደጌ ነው፤ የአቅመ ደካሞችን ቤት የሚያሳድሰው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ቅን ሰው ነው፣ ችግሩ ጽሑፉ ነው። ግማሹ ኦሮምኛ፣ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ የቡና ጠብታ። ሦስት ግማሽ የለም እንዳትሉኝ፤ እሱ ደብተር ላይ አለ። «ከበላይ እንግዶች ስለሚመጡ ሪፖርቱ በአማርኛም ይፈለጋል፣ ለነገ ጠዋት አድርሺልኝ» ብሎኝ ደብተሩን አስቀምጦ ወጣ። መብራቱ ይሄዳል ይመጣል። እኔም ልክ ሲመጣ ለመድረስ እሮጣለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ይመስለኛል።

የቤቱ ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው። ከየስሙ ጎን አንዲት ቃል አለች። «አባ ጨብሳ» ከሚለው ጎን «ዱሜራ» ይላል።

አባ ጨብሳን ላስተዋውቃችሁ። «አባ» ስላልኩ ቄስ እንዳይመስሏችሁ፤ ሙስሊም ናቸው። ጅማ ውስጥ አባ የትልቅ ሰው ስም መነሻ ነው። ጨብሳ ደግሞ ሰባሪው ማለት ነው። ስማቸው ሰባሪ ይሁን እንጂ የሰበሩትን ነገር አላውቅም፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ ከአንድ ወጥ እንጨት ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሲፈለፍሉ ነው የኖሩት። ሱቄ ውስጥ የምቀመጥበትም የእሳቸው ሥራ ነው። አሁን እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጥረቢያውን አስቀምጠዋል። ጠዋት ጠዋት ነጭ ኮፍያቸውን ደፍተው፣ ሸሚዛቸው ተተኩሶ፣ ሰላም ብለውኝ ያልፋሉ። እንዲህ የተተኮሰ ሸሚዝ የሚለብስ ሰው ቤቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው ብሎ የሚጠይቅ አለ? እኔ አልጠየቅኩም።

ዱሜራ ማለት አልቋል ማለት ነው። እሰይ፣ የአባ ጨብሳ ቤት አለቀላቸው ብዬ ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ «አልቋል» ማለት ብቻ አነሰብኝ። የሪፖርት ፍቅሬ ተነሣና «ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ ለተጠቃሚው ተላልፏል» ብዬ ጻፍኩ። «በደማቅ ሥነ ሥርዓት» ልጨምርበት ስል መብራት ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ኑሩ ኮፒዎቹን ወስዶ ወደ በላይ ላከ። ብዙም ሳይቆይ አባ ጨብሳ በበሬ አለፉ።

«እንኳን ቤትዎ አለቀ፣ አባ ጨብሳ» አልኳቸው።

ትክ ብለው አዩኝ። «አዎ፣ አለቀ እኮ ኢንታላ ኮ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው።

«ጣሪያውም አለቀ?»

«ጣሪያውማ ዱሜ። እሱ ነው ቀድሞ ያለቀው።»

«ግድግዳውስ?»

«ያ የጓሮው በኩል ብቻ ነው የቀረው። ኢንሻአላህ እሱም ሰሞኑን ያልቃል።»

«አዴ ዘሃራ እንዴት ደስ ብሏቸው ይሆን?» አልኩ። አዴ ዘሃራ ባለቤታቸው ናቸው።

«ምኑ ደስ ይላታል?» አሉ አባ ጨብሳ፤ «ስትተኛ እንኳ ጫማዋን አድርጋ ነው፤ ድንገት ቢወድቅ ለመሮጥ።»

እዚህ ላይ በርጩማዬ ላይ ቁጭ አልኩ። አማርኛና ኦሮምኛ ተማክረው ጉድ ሠርተውኛል። በሁለቱም ቤት ሲሠራ ያልቃል፣ ሲፈርስም ያልቃል። ኑሩ ቤቱን ሊያይ ሄዶ፣ ይህስ አለቀለት፣ ቶሎ ካልደረስንለት ወድቆ ሰው ይጎዳል ብሎ ነው ያቺን ቃል የጻፋት። እኔ ደግሞ ምርጥ ቤት ሠርቼ አስረክቤያለሁ።

ለኑሩ ብደውል ስልኩ ዝግ ነው። ለስብሰባ ከጅማ ወጣ ብላ ወዳለችው ሰርቦ ከተማ ሄዷል አሉኝ። ሱቄን ቆልፌ፣ ሚኒባስ ውስጥ ከቡና ጆንያ ጋር ተጨናንቄ ሰርቦ ወረድኩ። ምሳ ላይ አገኘሁት። ስነግረው የጠቀለለው ጉርሻ አፉ ሳይደርስ ቆመ። የዘንድሮው ክረምት እድሳት ዝርዝር የሚወጣው ከዚያው ሪፖርት እንደሆነ፣ ተጠናቋል የተባለ ቤት ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ እንደማይገባ ነገረኝ። ተሳስተናል በላቸው አልኩት። እላለሁ፣ ግን ለሚመጣው ዓመት ይታያል ቢሉኝስ አለኝ። ቤቱ ይህን ክረምት እንደማያልፍ ሁለታችንም አውቀናል። «በሪፖርት ያለቀ ቤት ደግሞ ተመልሶ አይፈርስም» አለና እጁን ታጠበ።

ስመለስ በቀጥታ አባ ጨብሳ ቤት ሄድኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ መሄዴ ነው፤ ማፈሬን አልደብቃችሁም። ግድግዳው በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፏል፣ ጣሪያው ላይ ላስቲክ ተዘርግቶ ድንጋይ ተጭኖበታል። አዴ ዘሃራ ሻይ አቀረቡልኝ። ጥፋቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ። አዴ ዘሃራ ስኒዬን ደግመው ሞሉልኝ። አባ ጨብሳ ግን የጻፍሽውን አንብቢልኝ አሉኝ። እየተንተባተብኩ «ሙሉ በሙሉ ተጠናቆ ለተጠቃሚው ተላልፏል» አልኩ። ያምራል፣ እስቲ ድገሚው አሉ። ደገምኩት። ከዚያ ሪፖርቱ ለእንግዶቹ የሚነበብበት የነገው የቀበሌ ስብሰባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቁኝ።

በማግሥቱ አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩ ላይ ከበላይ የመጡ እንግዶች ተቀምጠዋል፤ ዋናዋ መነጽር ያደረጉ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። ሪፖርቱ ተነበበ፤ የእኔም ዓረፍተ ነገር ተነበበች፣ ተጨበጨበላት። አስተያየት ሲባል አባ ጨብሳ እጃቸውን አወጡ። እኔ ላቤ ወረደ። ይሰድቡናል ብዬ ነው፤ ቢሰድቡንስ ማን ይፈርድባቸዋል?

«ገለቶማ» ብለው በምስጋና ጀመሩ። «አላህ ቤታችሁን ይሙላው። ቤቴ ተጠናቆ ተላልፏል ስትሉ ሰማሁ፤ ጆሮዬ ደስ አለው። እኛ ዘንድ ግን ቤት የሠራ ሰው ገብቶ ሳይበላና ሳይመርቅ ቤቱ ቤት አይባልም። የሚመጣው ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ፣ በዚያው በተጠናቀቀው ቤት እጠብቃችኋለሁ። ኑና መርቁልኝ።»

ተቀመጡ። ልብ በሉ፤ ከራሳቸው አንድም ውሸት አልጨመሩም። ሴትዮዋ በደስታ እንመጣለን ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። የኑሩ ፊት አመድ መሰለ።

ኑሩን የማመሰግነው ለዚህ ነው፤ በኋላ በር ላይ ሴትዮዋ ላይ ደረሰባቸውና እውነቱን ነገራቸው። እኔም አጠገቡ ቆሜ ጥፋቱ የእኔ ነው አልኩ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ይጮኹብናል ብለን ስንጠብቅ፣ «እስከ ጁምዓ ስንት ቀን አለ?» አሉ። ነገርናቸው። «እንግዲያው ሪፖርቱ እዚያው ይቆይ፣ ቤቱ ይድረስበት» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። በማግሥቱ ቆርቆሮ መጣ። ስማቸውን አልጠራም፤ ምርቃቱ ግን አድራሻ አይጠፋውም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ወጣቶቹ በጠዋት መጡ። የኑሩ ዘመድ ከሰርቦ ማገር ጭኖ ላከ። በቆሎ ጠባሿ ሳትጠየቅ ሠራተኛውን አበላች። እኔ ሱቄን ዘግቼ ጭቃና ጭድ ረገጥኩ፤ ወገቤ ቀጣይ ትኩረት መሻቱን ያወቅኩት ያኔ ነው። ረቡዕ ጠዋት የመጨረሻው ቆርቆሮ ተመታ፣ ከሰዓት ዝናቡ ወረደ። አዴ ዘሃራ ከአዲሱ ጣሪያ ሥር ቆመው ድምፁን ሲያዳምጡ አየሁ። ባዶ እግራቸውን ነበሩ። ወጥቼ አለቀስኩ፤ ዝናብ ስለነበር ማንም አላወቀብኝም።

ጁምዓ እንግዶቹ መጡ። ኑሩ «መርቁልኝ» የሚለውን በቢሮ ጆሮው ሰምቶ ኖሮ ሪባንና መቀስ ገዝቶ በሩ ላይ ቆሟል። አባ ጨብሳ ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ። ዱዓው ረዘመ። ሴትዮዋ መቀሱን ለኑሩ መልሰው አሚን ይሉ ጀመር። ሪባኑን በኋላ አዴ ዘሃራ መጋረጃ አሰሩበት።

ሰው ሲበተን አባ ጨብሳን ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ለምኑ አሉኝ። ስለ ስህተቴ አልኩ። ሳቁ። «ኑሩ እውነቱን ጻፈ፤ ከእሱ በፊት የነበሩትም እውነቱን ጽፈው ነበር። እውነቱ ደብተር ውስጥ ሲተኛ ስንት ክረምት አለፈ፣ ኢንታላ ኮ። ያንቺ ስህተት ነው በሳምንት የቀሰቀሰው» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለው ዞሩና «ሁለተኛ ስትሳሳቺ ኩሽናውንም ጨምሪበት» አሉ።

በቀደም ኑሩ የአዲሱን ሪፖርት ደብተር ይዞ መጣ። የቤቱን ምዕራፍ ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፤ አባ ጨብሳ የሉም። የት ሄዱ አልኩት። አንድ ቤት ሁለት ጊዜ ተጠናቀቀ አይባልም፣ ባለፈው ገብቷል አለኝ። ልክ ነው። በወረቀት ያለቀው በክብር ተመዝግቧል፤ በጭቃና በሚስማር ያለቀው የትም አልተጻፈም። ያ ሁሉ ሰው ያመጣው ማገር፣ ያ ሁሉ ቆርቆሮ፣ ያ የረገጥኩት ጭቃ የት ምዕራፍ ሊገባ ነው? ስለዚህ ቁጭ ብዬ ይህን ጻፍኩ። አንብባችሁ ስትጨርሱ፣ አደራ፣ ወደ በላይ ላኩልኝ።