ክብ ውስጥ የገባው የጭስ ማውጫ

ትንሽ ነገር አግንኖ በማቅረብ በነጻ የሚያገለግለን ሰው ሞልቷል። እኔ ግን ለዚሁ ሥራ ደሞዝ ይከፈለኛል። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ሮም ውስጥ፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ አንድ ጆሜትራ ዘንድ ተቀጥሬ በኮምፒውተር የሕንጻ ንድፍ እሠራለሁ። ጆሜትራ ማለት እዚህ አገር ቤት የሚለካ፣ ፕላን የሚያዘጋጅ፣ ከማዘጋጃ ቤት ጋር የሚነታረክ ባለሙያ ነው። እሱ ይነታረካል፣ እኔ መስመር አሰምራለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሕንጻውን በእውነተኛ ልኩ፣ ሳንጨምር ሳንቀንስ እንስለዋለን። ወረቀት ላይ ሲወጣ ግን አምስት ፎቅ ሙሉ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት አለበትና የግድ ያንሳል፤ ሲያንስ ደግሞ ማጠፊያው፣ ብሎኑ፣ ስንጥቁ ሁሉ የዝንብ እግር ያክላል። ያን ጊዜ አንዷን ቦታ በቀለበት እንከባትና፣ እዚያው ወረቀት ላይ ባዶ ጥግ ፈልገን ሌላ ክብ መስኮት ከፍተን፣ ያችኑ ቦታ አጉልተን እናሳያለን። ዴታሊዮ ይሉታል። ልብ በሉ፣ ትልቁ ክብ ውስጥ ያለው አዲስ ነገር አይደለም። ያው ነው፣ ቀረብ ተብሎ የታየ። ከሥሩም ልኬቱ ይጻፋል፤ አንድ ለመቶ ከተባለ ከእውነተኛው መቶ እጥፍ አንሷል፣ አንድ ለአምስት ከተባለ አምስት እጥፍ ብቻ።

እኔን ከሐሜተኛ የምትለየኝ ይህቺ ከሥር የምትጻፈው ቁጥር ናት። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እኅታችን ስለ ሄደችበት ሰርግ ታወራልኝ ነበር። ዶሮው ጨው አንሶታል አለች። ሙሽራዋስ እንዴት ነበረች? ብላት፣ ጨው አንሶታል። ሰው በደንብ መጣ? ኧረ ጨው የሚባል ዘር አልነካውም! ሙሽራው፣ ሚዜው፣ ጭፈራው ሁሉ ጠፍቶ ጨዉ ብቻ ቀረ። ከሥሩ ልኬቱን ብትጽፍበት ምን ነበረበት?

አሎራ እንግዲህ፣ ወደ እትዬ ውባለም ልምጣ። እትዬ ውባለም ባዳንቴ ነበሩ፤ የጣሊያን አሮጊቶችን ከአልጋ እያነሱ፣ እያጠቡ፣ እያጎረሱ ጉልበታቸውን የጨረሱ ሴት ናቸው። የመጨረሻዋ ሲኞራቸው ስታርፍ አልቅሰው ቀበሯትና፣ «ከእንግዲህ የሰው ወጥ ቤት አልገባም፤ የራሴን ነው የምከፍተው!» ብለው ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ፣ ከአንድ አሮጌ ሕንጻ ምድር ቤት፣ ትንሽ ሱቅ አገኙ። ምግብ ቤት ሊያደርጓት ነው። ግን ያለ ጭስ ማውጫ ወጥ ቤት አይፈቀድም፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ ደግሞ በውስጠኛው ግቢ በኩል ግድግዳውን ተከትሎ እስከ ጣሪያ መውጣት አለበት፤ ለዚህም የሕንጻው ነዋሪዎች ተሰብስበው እጅ ማውጣት አለባቸው። ኮንዶሚኒዮ ማለት ይሄ ነው። የኛ አገሩ በዕጣ ይወጣል፣ የዚህኛው በስብሰባ ነፍስህን ያወጣል።

የሱቁ ባለቤት ቁርጡን ነግሯቸዋል፤ ስብሰባው ካልፈቀደ ለሌላ ሰው ያከራያል። እትዬ ውባለም ሌላ ቦታ ፍለጋ የሚዞሩበት ጉልበት የላቸውም። ከተከለከሉ የሚጠብቃቸው የሌላ አሮጊት አልጋ ነው።

ንድፉን ሠርቼ ጨርሼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉ።

«ቱቦው የታለ?»

«ይኸው እትዬ፣ ይቺ መስመር።»

«ይቺ? ይቺ ፀጉር?» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። «አንተ ልጅ፣ ይሄን የሚያዩት እኮ ሽማግሌዎች ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ነገ ደብቃ አስገባች ሊሉኝ ነው? ትልቅ ሰው ፊት ነገር ሲቀርብ ፍርጥርጥ ብሎ ነው። አጉላላቸው!»

በጣም ከጎላ ያስደነግጣል ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። እስቲ እናንተ እትዬ ውባለምን እምቢ በሏቸው! ክቡን ከፈትኩ። «ትንሽ ጨምር» አሉ። ጨመርኩ። «አሁንም ጨምር፣ ምን ትሰስታለህ?» በመጨረሻ ልኬቱ አንድ ለሁለት ደረሰ። ክቡ ውስጥ ያለው ቱቦ፣ አጠገቡ ከተሳለው ሕንጻ ጋር ወርዱ ተካከለ። ብሎኑ አንድ በአንድ ይቆጠራል። እኔም እውነቱን ለመናገር ብሎኖቹን ወደድኳቸው። እትዬ ውባለም «ተባረክ፣ አሁን ሐቁ ታየ» ብለው ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

የስብሰባው ዕለት ሕንጻው መግቢያ ላይ የፕላስቲክ ወንበሮች ተደረደሩ። የሕንጻው አስተዳዳሪ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ከዚያ የሁለተኛ ፎቁ ጡረተኛ፣ ሲኞር ኤቶሬ፣ ከወንበራቸው ተነሱ።

«ማዶና! ሜትሮ ባቡር ነው እንዴ በግቢያችን የምታሳልፉት?»

ኧረ ሲኞር፣ ይሄ ዴታሊዮ ነው፣ ጎልቶ ነው እንጂ ቱቦው ከስንዝር እምብዛም አይበልጥም እያልኩ በጣቴ አሳየሁ። ማን ጣት ያያል? ሁሉም የሚያየው ወረቀቱን ነው። አንዷ ሲኞራ ልብስ የት ላሰጣ ነው አለች፤ ሌላው ፀሐይ ይከልለኛል አለ። እትዬ ውባለም የእሑድ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከኋላ ቆመው ነበርና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ምን ሆኑ? ሁሉም ነገር ታያቸው አይደል እንዴ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ። ችግሩ እሱ ነው።»

አስተዳዳሪው ነገሩ ሳይበርድ ድምፅ አላሰጥም አለ። በሚቀጥለው ስብሰባ ሌላ ንድፍ ይዛችሁ ኑ፣ እሱ የመጨረሻችሁ ነው ብሎ በተነን። እትዬ ውባለም ከደረጃው ሥር ቁጭ አሉና፣ «ለዓይናቸው ብዬ እኮ ነው» አሉ። አንጀቴን በሉት። ለሰው ዓይን ያዘነ ሰው እንዲህ ይሆናል? ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም።

በማግስቱ እንደገና ልለካ ወደ ግቢው ገባሁ። ሲኞር ኤቶሬ በረንዳቸው ላይ ወጡ። የሜትሮው ነገር ሊቀጥል ነው ብዬ አንገቴን ቀበርኩ። እሳቸው ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አንበሳውስ?» አሉኝ።

የምን አንበሳ? ቀና ብዬ ባይ፣ ከበረንዳቸው ሥር የእርግብ ኩስ የለበሰ፣ በጄሶ የተሠራ የአንበሳ ፊት አለ። አፍንጫው ወደ አንድ ወገን ጠመም ብሏል። ለካ ያን አፍንጫ በገዛ እጃቸው ጄሶ ለውሰው የጠገኑት የሲኞር ኤቶሬ አባት ናቸው። አባትየው ባለሙያ አልነበሩም፤ አፍንጫውም ይመሰክራል። «ካባቴ የቀረኝ እሱ ነው» አሉኝ ሽማግሌው። ስብሰባው ላይ ወረቀቱን በዓይናቸው እያሰሱ የፈለጉት አንበሳውን ነበር። እኔ ጭራሽ አልሳልኩትም! አንበሳቸውን ሲፈልጉ ያገኙት ያን የሚያህል ቱቦ ነው፤ ይውጠዋል ብለው ደነገጡ። ታዲያ ለምን በግልጽ አልተናገሩም አትሉም? እስቲ የትኛው የተከበረ ሽማግሌ ነው ጉባኤ መሃል ተነስቶ ስለ አፍንጫ የሚያወራ?

በረንዳቸው ላይ አስገቡኝ። ለካሁ፣ ፎቶ አነሳሁ። አዲሱ ወረቀት ላይ ቱቦው ከነወርዱ፣ ከአንበሳው ካለው ርቀት ጋር ቁልጭ ብሎ ተጻፈ፤ መስመሩ ግን እንደ ቀድሞው ፀጉር ሆነ። ክቡ ውስጥ አንበሳውን አስገባሁት፤ ጎፈሩን፣ ጺሙን፣ ያቺን ጠማማ አፍንጫ ሳይቀር።

እትዬ ውባለም ሲያዩት ተቆጡ። «ቱቦዬን ደበቅከው?»

«አልደበቅኩም እትዬ። ልኩም ተጽፏል። ለዓይን ግን ሌላ ነገር ሰጠኋቸው።»

በሁለተኛው ስብሰባ ሲኞር ኤቶሬ ወደ ወረቀቱ ሄዱ። አፍንጫውን በጣታቸው ዳሰሱት። «ቤሎ» አሉ፣ ቆንጆ ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ወደ ወንበራቸው ሳይመለሱ፣ እዚያው እንደቆሙ እጃቸውን አወጡ። ሌላውም ተከትሎ አወጣ። ስለ ቱቦው አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ቅሬታ ያቀረበችው የሦስተኛ ፎቋ ሲኞራ ብቻ ናት፤ የእኔ የአበባ ማሰሮዎች ለምን ክብ አልተደረገላቸውም ብላ።

ምግብ ቤቱ ተከፈተ። ጭሱ በቱቦው ሽቅብ ይወጣል፣ ሲኞር ኤቶሬ ቁልቁል ወርደው ሽሮ ይበላሉ። እትዬ ውባለም ንድፉን ግድግዳ ላይ ልስቀለው አሉኝና በመስታወት አድርጌ ወሰድኩላቸው። ቆመው አዩት። ጣታቸው ከወጥ ቤቱ ተነስቶ በቱቦው ወጥቶ አንበሳው ላይ ደረሰ።

«አንበሳው አለ። ቱቦው አለ» አሉ። «እኔስ? ዕድሜዬን በሰው ቤት ኖሬ፣ በራሴ ቤት ወረቀት ላይም የለሁም?»

ወደ ቢሮ ተመልሼ ሌላ ክብ ከፈትኩ። እትዬ ውባለምን ከምድጃቸው ፊት ሻሻቸውን አስሬ፣ ጭልፋ አስይዤ ሳልኳቸው። ከዚያ አጎላኋቸው፤ ማንም አላዘዘኝም። ክባቸው ከአንበሳው ክብ በለጠ። ከሥሩም ልኬቱን ጻፍኩ፤ አንድ ለአምስት።

ሳመጣላቸው መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ፤ ራቅ አሉ፤ እንደገና ጠጋ አሉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እኔም ምርቃቱን ለመቀበል አንገቴን ዝቅ አደረግኩ።

«ተባረክ የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ውባለም፣ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው። «ሆዴን ግን ወደ አንድ ለመቶ መልሰው።»