በሌለ መንግሥት የተነሣ ጠብ

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ እነግራችሁ ይሆናል። ዕድሜም አለ፣ ስደትም አለ። ዘመኑ በፈረንጅ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ገደማ ነው። እኔና መምህር አበራ ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ውስጥ፣ ከአንድ ትልቅ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል። እሱ ድሮ ታሪክ አስተማሪ ነበር። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ። ሰው ሲጽፍ ካየሁ ግን ሰላም የለኝም። ምን ይጽፋል? ለማን?

አንድ ቀን ወጣ ሲል ደብተሩን ገለጥኩት። እናንተስ ብትሆኑ አትገልጡም? «የዙማራ መንግሥት ታሪክ» ይላል። ድንኳን ጭነው የሚዞሩ፣ ለቀጠራቸው ንጉሥ ሁሉ የሚዋጉ አምስት ጎሳዎች ነበሩ። በበጋ ለአንዱ፣ በክረምት ለጠላቱ። በመጨረሻ አንዱ ንጉሥ ካዝናው ቢራቆት «በደመወዛችሁ ፈንታ መሬት ውሰዱ» አላቸው። ሰፈሩ። ቤት ሠሩ። ግን ሦስት ትውልድ ሙሉ ያደሩት ቤቱ ደጅ ላይ በተከሉት ድንኳን ነው፣ ፈረሱም እንደተጫነ። እርስ በርስ አይተማመኑማ!

ይሄ እኛ ነን፣ አልኩ በልቤ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? መምህር ወደ ሦስተኛ አገር ለመሻገር በሳምንቱ ጊጊሪ፣ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮ፣ ለቃለ መጠይቅ ይቀርባል። «ይህን ሰው እናውቀዋለን» ብለው የሚፈርሙለት ሁለት ያገር ሰዎች ያስፈልጉታል፤ አለዚያ ተራው ያልፈዋል። ቃል የገባንለት እኔና አብሮን ጸሎት ቤት የሚሄደው ሻምበል ደበበ ነን። ታዲያ ስሜን ከእንዲህ ያለ ደብተር ባለቤት ስም ሥር ላስቀምጥ?

ለሻምበል ነገርኩት። ሻምበል ለጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ ነገረ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ሁርሊንግሃም ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ተሰበሰብን። መምህርም ተጠርቶ መጣ፤ ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው ሁሉ የየራሱን ጎሳ አገኘ።

«ከሃዲዎቹን እኛን ያደረግከን ምን በድለንህ ነው?» አለ ሻምበል።

«ኧረ ሻምበል፣ የሌለ አገር ነው እኮ!»

«ከሌለ ካርታ ለምን ሣልክለት?»

«ሥራ ፈትቼ እንዳላብድ ነው፣ በእናትህ።»

«እና ሳታማክረን መንግሥት ታቋቁማለህ?»

ተመካክረን ወሰንን፤ ጎሳዎቻችንን ታማኝ ያድርግልን፣ እንፈርማለን። መምህር መቼስ ቸግሮት ሁለት ቀን ሙሉ ሲሰርዝ ሲደልዝ ዋለ። አምስቱም ታማኝ ሆኑ።

«ይኸው» አለ ደብተሩን ይዞ መጥቶ። «የሚከዳ ስለሌለ ጦርነት የለም። ጦርነት ስለሌለ ቅጥረኛም የለም። ታሪኩ አንድ ገጽ ሆኗል። በሉ ፈርሙልኝ።»

እኔ መጠንቀቅ ልማዴ ነው። «ቆይ እንጂ መምህር» አልኩት፣ «ጥፋት ካልነበረበት ለምን ሰረዝከው?»

ደብተሩን ከድኖ ተነሣ። አልፈረምንም። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ ወጣ፤ ወዴት እንደሚሄድም አልነገረኝ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ ሐሙስ ይመስለኛል፣ በሞያሌና በናይሮቢው ኢስሊ ሰፈር መካከል የሚነግዱትን ሐጂ ኑሩን ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ አገኘኋቸው። መምህር እሳቸው ሱቅ ደጃፍ ተቀምጦ የዙማራን ታሪክ፣ የተሰረዘውን ጭምር፣ ለሁለት ያገራችን ጨርቅ ነጋዴዎች ሲያወራ ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ አሉኝ። ስሙን ወረቀቱ ላይ አንብበው «እናውቀዋለን» ብለው ፈረሙለት። ቃለ መጠይቁንም አልፎ በአውሮፕላን ሄደ።

የመምህርን ወሬ ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሁለት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር የኖርኩት እኔ አልፈረምኩለት፣ ግማሽ ቀን ያዩት ፈረሙለት። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው።

ከማታቱው ሳልወርድ ግን ወደ ሐጂ ጆሮ ጠጋ ብዬ ጠየቅኋቸው፦ «ለመሆኑ እነዚያ ሁለት ሰዎች እነማን ናቸው? ማን ልኳቸው ነው?»