የተጠማው ጣሳ

ሙከራውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት የወጣው ግን ዳካ ነው። እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኛል። ከጀመርኩት ግን ልጨርሰው።

በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ዲላ ስምንተኛ ክፍል ነበርን። የሳይንስ መምህራችን ውሃ ለተክል እድገት ምን እንደሚያደርግ በሙከራ አሳዩኝ አሉን። ይኼን የማያውቅ የጌዴኦ ልጅ አለ? እሳቸው ግን እቅዱን በወረቀት፣ እድገቱን በማስመሪያ ነው የፈለጉት። ሙከራውን ያበላሸ ሚኒስትሪ ፈተና ላይ አይቀመጥም አሉ። ሳቃችን እዚያ ላይ ቆመ።

ቡድናችን ሦስት ሰው ነው። ዳካ እንደኔው ከገጠር፣ ከኢዲዶ የመጣ፣ አንድ የኪራይ ክፍል አብረን የምንኖር ልጅ። ከድር የባለሱቅ ልጅ፣ አፉ የማያርፍ። እቅዱ ይኼው፦ ሦስት የቡና ችግኝ፣ ሦስት ጣሳ፣ አንድ ዓይነት አፈር። አንዱ በየቀኑ ይጠጣል፣ አንዱ በየሦስት ቀኑ፣ አንዱ ምንም። የዲላ ዝናብ እቅድ ስለማያነብ ጣሳዎቹን የትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ከቆርቆሮው ሥር አስጠጋናቸው። አንደኛው የእኔ፣ ሁለተኛው የከድር፣ የተጠማው የዳካ ሆነ። አለማጠጣት ሥራ ነው ወይ እያለ ከድር ዳካን ሲያበሽቀው ከረመ። ጣሳውንም ጾመኛው ብሎ ሰየመው፤ ረመዳን ሲገባ ቀስቅሱኝ፣ ከሱ ጋር አብረን እንጾማለን ይላል።

ችግኝ ማምጣት የእኔ ድርሻ ነበር። አባቴ ጭሰኛ ነው፤ በችግኝ አይቀልድም። እቅዱን ሳስረዳው ሦስተኛውን ለምን እንደምናስጠማው ጠየቀኝ። ሲደርቅ ለማየት አልኩት። የበቀለን አስጠምቶ መግደል የምን ትምህርት ነው አለኝ። ከጓሮው፣ ስመልሳቸው የሚተከሉበት ሦስት ጉድጓድ ቆፈረና ችግኞቹን ሰጠኝ።

«ሦስቱንም በሕይወት መልስ። አንዱ ከጎደለ ትምህርት የለም፤ እዚሁ ትቀራለህ።»

አባቴ ያለውን ያደርጋል። እንግዲህ ፍረዱኝ። ችግኙ ቢሞት አባቴ ያስቀረኛል፤ ባጠጣው መምህሩ ይጥሉኛል። ለማንም አልነገርኩም። መናገር ያኔም የእኔ ነገር አልነበረም።

በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛው ችግኝ አንገቱን ደፋ። ጠዋት ጠዋት ከሰው ቀድሜ እየሄድኩ አንድ አንድ ጉንጭ ውሃ አቀምሰው ጀመር። ዕቃ እንዳይታይብኝ ውሃውን የምወስደው በአፌ ነው። መንገድ ላይ እንዴት አደርክ የሚለኝ ካለ ራሴን በመነቅነቅ ብቻ እመልሳለሁ። አንድ ቀን በረንዳው ጋ ዳካ ሰላም አለኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ። ያበጠ ጉንጬን አየና አልፎኝ ሄደ።

የልኬቱ ቀን መምህሩ ማስመሪያውን አስቀመጡና ጣታቸውን ሦስተኛው ጣሳ አፈር ውስጥ ከተቱ። ጣታቸው ረጥቦ ወጣ። ማነው አሉ። ከድር እንኳ ቀልድ ጠፋው። እኔ አፌ ውስጥ ገና ውሃ ያለ ይመስል ጭጭ አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ ዳካ። «አሳዘነኝ።»

ከተፈታኞች ወረቀት ላይ አንድ ስም ተሰረዘ።

የኪራይ ክፍላችን ስንገባ ዳካ ልብሱን ጠቀለለ። ለምን እንደዋሸልኝ ጠየቅኩት።

«ማን ዋሸ? ያንተ ጉንጭ ውሃ ብቻ የሚበቃው መስሎህ ነው? ከሰዓት ከሰዓት እኔም አጠጣው ነበር።»

እንግዲህ የተጠማው ጣሳ በቀን ሁለት ጊዜ ሲጠጣ ኖሯል። ይኼን መምህሩ ዘንድ ሄጄ ለመናገር ሌሊቱ በሙሉ፣ ማግስቱም ነበረኝ። አልሄድኩም።

ሦስቱንም ችግኝ በሕይወት መለስኩ። አባቴ ትምህርት ቤቱ ደህና ነገር እያስተማረህ ነው አለኝ። ፈተናውን አለፍኩ፤ ከድርም አለፈ። እሱ አዲስ አበባ ገባ፣ እኔ በየጠቅላይ ግዛቱ ቢሮ ለቢሮ ዞርኩ። አባቴን የቀበረው ዳካ ነው፤ እኔ አልደረስኩም። ሁለቱ ቡናዎች አርጅተው ተነቀሉ። ከሰው ዳካ፣ ከቡናው ሦስተኛው ኢዲዶ ቀሩ።