ድንጋይ "ነካ ያደረጋቸው" ዶክተር

አዳኝ የገደለውን ያገዝፋል፤ ፊልድ መኪና የሚነዳ ሰው ግን የሰበረውን ያሳንሳል። በዚህች ምድር ላይ ከአቀበትና ከቋጥኝ የተመለሰ ባለ መኪናን የሚያህል ውሸታም የለም። መኪናው መከላከያውን ጥሎ፣ ሆዱ ተቦጭሮ፣ ፊቱን ወደ ግራ አዙሮ ወደ ቀኝ እየሄደ ጋራዥ በር ላይ ይደርሳል። ባለቤቱ ይወርዳል፤ አቧራውን ያራግፋል፤ "ትንሽ ነካ አደረገኝ" ይላል። ማን? ድንጋዩ! ዓለም ሲፈጠር ጀምሮ ከተቀመጠበት ተነሥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ፣ መንገድ ተሻግሮ መጥቶ ምስኪኑን ሰውዬ ነካ አደረገው።

መካኒኳ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መኪና ስር ተኝታ ይህን ቃል ስትሰማ ኖራለች። ከሁሉ የሚብሱባት ግን ክቡር ዶክተሩ ናቸው። የጥርስ ሐኪም ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ነጭ ጋውን ለብሰው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው፣ የሰው ድድ ላይ ሲጠበቡ ይውላሉ። "እጃቸው አያሳምምም" እየተባለ ከሩቅ ሰፈር ሰው ይመጣላቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ያ እጅ መሪ ሲጨብጥ ግን ጉድ ይፈላል። ሰው በሄደበት መንገድ መሄድ ያሳፍራቸዋል። ፍየል ፈርታ የተወችውን ገደል ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል።

የሚገርመው ደግሞ ክሊኒካቸው ግድግዳ ላይ በትልቁ የተጻፈው ነው፦ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።" ዘግይቶ የመጣ በሽተኛ ወዮለት። "እስካሁን የት ነበርክ? አምና ብትመጣ እኮ በአሥር ደቂቃ እንገላገለው ነበር!" ይሉታል። በሽተኛው አፉ በጥጥ ተሞልቶ ምን ይመልስ? ዓይኑን ያንከራትታል። መካኒኳ ይህን ወሬ በሰማች ቁጥር "የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው" ትላለች።

ዘንድሮ በመሪው ጣጣ መጀመሪያ ጊዜ ሲመጡ ሁለቱን የፊት ጎማዎች የሚያያይዘው የመሪ ዘንግ ጎብጦ ነበር። ጎብጦ ብቻ ቢሆን ደግ ነው። እዚያው መንገድ ላይ ፈትተው፣ አንድ ቋጥኝ ላይ አጋድመው፣ በሌላ ድንጋይ ቀጥቅጠው "አቅንተውት" ነው የመጡት።

"ዶክተር፣ አንዴ ጎብጦ የተቃና ብረት ድካሙ አይወጣለትም። አዲስ ነው የሚገባለት" አለቻቸው።

"ብረት እኮ ነው ኢንጂነር፣ ጥርስ አይደለም" አሉና ሳቁ። ኢንጂነር የሚሏት ነገር ሲፈልጉ ነው።

ሁለተኛ ጊዜ የዘንጉን መጋጠሚያ በሽቦ ጠፍረው መጡ። የሽቦውን ቋጠሮ ራሱ እንደ ሜዳልያ አሳዩዋት። ሦስተኛ ጊዜ መኪናው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ መሪውን ሩብ ያህል ወደ ግራ ጠምዝዘው መያዝ ነበረባቸው። "ለምደነዋል፤ እሱም እኔም" አሉ። ወደ ቀኝ የሚጎትተውስ? "አስፋልቱ ነው ያዘነበለው።" የከተማው አስፋልት ሁሉ? "አዎ፣ የዛሬ ሥራ ምን ሥራ አለው!" የጎማዎቹ የውስጥ ጎን ተልጦ ክሩ ሲወጣም "ጎማ ድሮ ቀረ" ብለው አዘኑ። ለሁሉም ነገር ጥፋተኛ አላቸው፤ መኪናው ውስጥ ከተቀመጠው ሰውዬ በቀር።

እንዲህ ሁለት ወር ከቆዩ በኋላ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ጥሩምባቸውን እያንባረቁ ገቡ። ፊታቸው ወገግ ብሏል።

"ኢንጂነር፣ ዘይት ብቻ ቀይሪልኝ። ቅዳሜ ባለቤቴንና የልጅ ልጄን ይዤ ሐይቁ ድረስ እወርዳለሁ። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ በጣቷ ቀን ስትቆጥር ነው የከረመችው።"

መካኒኳ ጎንበስ ብላ ጎማዎቹን፣ በመኪናው መስኮት አጮልቃ መሪውን አየች። ጎማዎቹ ቀጥ ብለዋል፤ መሪውም ቀጥ ብሏል። ደስ ሊላት ሲገባ ጠረጠረች።

"ማን ሠራው?"

"እኔው ነኛ!"

"ምን አድርገው?"

ዶክተሩ አገጫቸውን ቀና አደረጉ። "ባለቤቴ 'መሪው እንዲህ እንደ ጠመመ ልጅቷን አላሳፍርም' አለችኝ። ልክ ናት። ስለዚህ መሪውን ከቦታው ነቀልኩት፣ ቀጥ አድርጌ መልሼ አሰርኩት። አለቀ።"

ሰውየው የታመመውን አልነኩም። ሚስታቸው የምታየውን ክብ ነገር ብቻ ነቅለው፣ አዙረው፣ መልሰው ሰክተውታል። ከስር ያለው ሁሉ እንደ ጠመመ ነው።

"ዶክተር፣ ጥርሱ ተበልቶ ያለቀ ሰው ከንፈሩን ቢቀባ ዳነ ይባላል?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"ምኑ ነው ሌላው?"

መልስ አልጠበቀችም። መኪናውን በክሪክ አነሣችና ካርቶን አንጥፋ ገባች። ወዲያው "ይምጡ!" አለች። ዶክተሩ በነጭ ሸሚዛቸው አጠገቧ ተጋደሙ። በባትሪ አበራችላቸው። ዘንጉ ያኔ በድንጋይ የቀጠቀጡበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለው።

"አዩት?"

"አየሁት። ትንሽ ናት።"

"ቁልቁለቱ ላይ ይቺ ትንሽ ብትበጠስ አንዱ ጎማ እርስዎን ይሰማል፤ ሌላው ወደ ፈለገበት ይሄዳል። በአንድ በኩል ገደል ነው። ከኋላ ማን እንደሚቀመጥ እርስዎ ያውቃሉ።"

ዶክተሩ ከስር ወጡ። ሸሚዛቸው ጀርባው ጠቁሯል። ለአንድ አፍታ የተረቱ መሰሉ። ወዲያው ግን ያ የታወቀው አመል ተመለሰ።

"አዲሱ ዘንግ መቼ ይደርሳል?"

"ካዘዝነው ሦስት ቀን።"

"እንግዲያው ቅዳሜን ደርሰን እንምጣና ሰኞ በጠዋት አስረክብሻለሁ። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።"

"ይቺ መኪና ከዚህ ግቢ አትወጣም!"

"መኪናዋ የኔ ናት!" አሉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ።

"ልጅቷስ? እሷም እንደ ፈለጉ የሚያደርጓት የርስዎ ናት?"

"ስለ ልጄ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ? ገና ሳትወለድ ጀምሮ ነው በዚህ መንገድ የምወርደው!"

"ድንጋዩም ከያኔ ጀምሮ እየጠበቀዎት ነው!"

ሌላው ሠራተኛ ሁሉ መፍቻውን እንደ ያዘ ቆመ። መካኒኳ ከማቀዝቀዣው የውሃ ጠርሙስ አነሣች። አንገቷን ወደ ቀኝ አዘንብላ ጎንጨት አለች።

ዶክተሩ ሊመልሱ የከፈቱትን አፍ ዘጉ።

"እስቲ ድገሚው" አሉ።

"ምኑን?"

"ውሃውን። አንገትሽን ለምን አዘነበልሽ?"

"እንዲህ ስጠጣ ይመቸኛል።"

"ከመቼ ወዲህ?"

"ኧረ ይተዉኝ ዶክተር፣ ስለ መኪና ነው የምናወራው።"

"በየትኛው በኩል ነው የምታኝኪው?"

"በቀኝ። አንዱ ጎን ለእኔ ይበቃኛል" አለች።

"በግራ ሲያምሽስ?"

"ቅርንፉድ ጣል አደርግበታለሁ፤ ይተወኛል። ያን ያህል አይደለም። ደግሞ ሥራ በዝቶብኛል፤ እስቲ ይሄ ወር ይለፍና..."

ይህን ጊዜ የገዛ ድምጿ ጆሮዋ ገባ። ዶክተሩም ሰምተዋል። ሁለቱም ተያዩ። መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት፤ ስትስቅ ደግሞ ግራ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ነው።

ባሏ በቀን ሦስቴ ከፊት ለፊቷ ተቀምጦ ይበላል፤ አላየም። እህቷ በየሳምንቱ ትመጣለች፤ አላየችም። ጋራዡ ሙሉ ሰው አብሯት ምሳ ይበላል፤ አንድ ሰው "ምን ሆነሻል?" አላላትም። ይህ አፍንጫው ስር ያለ ስንጥቅ የማይታየው፣ የሚያናድድ፣ ግትር፣ ሸሚዙን ግሪስ የቀባ ሽማግሌ ግን ከአራት እርምጃ ላይ በአንዲት ጉንጭ ውሃ አወቀባት። ያውም በጠቡ መሃል። መካኒኳ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ወደደቻቸው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ስታማቸው የኖረችውን ሰውዬ እዚያው ቆማ ወደደቻቸው።

"ተቀመጪ" አሏት።

ተደራርቦ የቆመ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ባትሪዋን ከእጇ ወሰዱ፤ አገጯን በሁለት ጣት ቀና አድርገው ወደ ውስጥ አዩ። ያቺ ሁሉም የሚያወራላት እጅ እውነትም አታሳምምም።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ትመጫለሽ" አሉ።

"ነገ ሁለት መኪና ላስረክብ..."

ዶክተሩ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። አዩት። የሰው አፍ ውስጥ ጥጥ በሚያስቀምጡበት ጥንቃቄ መዳፏ ላይ አስቀመጡት።

"ዘንጉን እዘዢው። አንቺ ካልመጣሽ ግን መጥቼ ቁልፌን እወስዳለሁ።"

"ቅዳሜስ? ልጅቷ?"

"በአውቶቡስ እንሄዳለን" አሉ። ፍርድ የተነበበበት ሰው እንኳ ከዚያ በተሻለ ድምፅ ይናገራል።

ወደ በሩ አዘገሙ። መካኒኳ ከኋላ "ዶክተር!" ብላ ጠራቻቸው። ድምጿ እንደ ልጅ ቀጠነባት። "ነገ ያመኛል እንዴ?"

ዞር አሉ። "ትንሽ" ሊሉ አሰቡና ተዉት።

"አዎ" አሉ። "በጣም ነው የሚያምሽ።"

ከዚህ ሰው አፍ ያልተቀነሰ ነገር ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። አመነቻቸው፤ በማግስቱም ለሁለት ሰዓት አሥር ጉዳይ ሲል ክሊኒኩ በር ላይ ቆማ ነበር።