የአቶ ገሠሠ ኮምፒውተር የቅድመ ጥገና ዝግጅት

ያለ በቂ ዝግጅት ሥራ መጀመር ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ሚዛን ተፈሪ ይምጣና የጎረቤታችንን የአቶ ገሠሠን ቤት ይጎብኝ። አቶ ገሠሠ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበሩ። በሃያ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ያወጡት ዕቅድ አንድም ቀን ከሽፎ አያውቅም፤ አንዱም ሥራ ላይ ውሎ ስለማያውቅ የሚከሽፍበት አጋጣሚ አላገኘም።

ሰኞ ጠዋት፣ ዝናቡ ገና ሳያባራ፣ የቤታቸው ኮምፒውተር ሦስት ጊዜ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ብሎ ስክሪኑ ጨለመ። ልጃቸው ፋና ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ናት። ስለ ቡና አደራረቅ ስድስት ወር ሙሉ የደከመችበት የመመረቂያ ጽሑፍ ያለው እዚያው ውስጥ ብቻ ነው፤ ማስረከቢያው ደግሞ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት።

«አባዬ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጠጋኝ አለ። በባጃጅ ልውሰደው?» አለች ፋና።

«ያለ ቅድመ ዝግጅት?» አሉ አቶ ገሠሠ፣ ልጅቷ ያለ ሽማግሌ ልዳር ያለች ያህል ደንግጠው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

«እስከ አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳል?»

አርቆ አሳቢ ሰው በዝርዝር ጉዳይ አይጠመድምና አቶ ገሠሠ በቀጥታ ወደ ዝግጅቱ አለፉ። ኮምፒውተሩ ያለበትን ክፍል ቆለፉ። ቁልፉንም ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ማናልሞሽ በፊርማ አስረከቡ። ወይዘሮ ማናልሞሽ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ከአቶ ገሠሠ ጋር መከራከር ጊዜ መፍጀት መሆኑን ካወቁ ቆይተዋል። ፈርመው ተቀበሉ።

ማክሰኞ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ አቶ ገሠሠ፤ ጸሐፊ ደግሞ በቤተ ክርስቲያናቸው ቃለ ጉባኤ በመያዝ የተመሰገኑት ጎረቤታቸው አቶ ይስሐቅ። የዕለቱ አጀንዳ ለችግሩ ስያሜ መስጠት ነበር። «ተበላሸ» የሚለው ቃል የቤተሰቡን ሞራል ይነካል ተባለና ከአራት ሰዓት ውይይት በኋላ «አገልግሎቱ ለጊዜው ተቀዛቅዟል» በሚለው ላይ ስምምነት ተደረሰ።

ረቡዕ ለጥገናው የሚያስፈልጉ ዕቃዎች ተዘረዘሩ።

«ብሎን መፍቻ እኔ ቤት አለ፤ ብድግ ብዬ ላምጣው?» አሉ አቶ ይስሐቅ።

«ይቆዩ እንጂ አቶ ይስሐቅ! መፍቻ የሚመጣው በምዕራፍ ሦስት ነው።»

ሐሙስ አሥራ አራት ገጽ ዕቅድ ተዘጋጀ። በኮምፒውተር ሊተየብ ታስቦ ነበር፤ ኮምፒውተሩ ስለተቀዛቀዘ በእጅ ተጻፈ። ሰኞ ስታለቅስ የዋለችው ፋና በዚህ ሁሉ መካከል ተረጋግታ ስትገባና ስትወጣ ታየች። አቶ ገሠሠም ይህን «ዝግጅቱ በቤተሰቡ ዘንድ ያሳደረው መተማመን» ሲሉ አስመዘገቡት።

አርብ አሥራ አንድ ሰዓት በግምገማ አለፈ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጎረቤት የተጠራበት የማስጀመሪያ ሥነ ሥርዓት ሆነ። እኛም ሄድን። አቶ ገሠሠ ኮታቸውን ለብሰው፣ ያለ ዝግጅት ስለጠፉ ሕዝቦች ረዘም ያለ ንግግር አደረጉ፤ ከዚያም በሩን አስከፍተው ብልሽቱን በይፋ ለማረጋገጥ የኮምፒውተሩን ቁልፍ ተጫኑ።

ኮምፒውተሩ ቦግ ብሎ ተከፈተ።

«ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ ወይዘሮ ማናልሞሽ። «ማክሰኞ እናንተ ስም ስታወጡለት ከፍቼ ሜሞሪ የሚባለውን ካርድ አውጥቼ ጫፉን በላጲስ ጠረግሁት። የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተሮችም እርጥበት ሲበዛ እንዲሁ ነው የሚጮኹት። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም።»

«ጽሑፌንም ረቡዕ አስረከብኩ፣ አባዬ» አለች ፋና፣ እየፈራችም እየሳቀችም።

«ጌታ ይባረክ!» አሉ አቶ ይስሐቅ። «እንግዲያውስ ቃለ ጉባኤውን ልዝጋው።»

አቶ ገሠሠ አሥራ አራቱን ገጽ ደረታቸው ላይ አጥብቀው ሲይዙ አንጀታችንን በሉት። በኋላ ቀና አሉ።

«ይህ ሁሉ ዝግጅትስ?»

«ይሠራል እኮ፣ አቶ ገሠሠ» አልናቸው።

«የሚሠራውማ ያለ ዕቅድ ነው!»

ወዲያው ምዕራፍ ሦስት ተጀመረ። መፍቻው መጣ። ሃያ ሦስት ብሎን ተፈትቶ፣ በቁጥር ተመዝግቦ፣ ሁሉም ነገር በብሩሽ ተጠርጎ እንደገና ሲገጠም አሥር ሰዓት ሆነ። አራት ብሎኖች ቦታ አጥተው ጠረጴዛው ላይ ቀሩ። አቶ ገሠሠ ቁልፉን ተጫኑ። ጢጥታ የለም፤ መብራት የለም። ደግመው ተጫኑ። ከውስጡ ቀጭን ጭስ ወጣ።

ፋና እጇን አፏ ላይ ጫነች። አቶ ገሠሠ ግን ላባቸውን ጠርገው፣ ሳምንቱን ሙሉ ያላየንባቸውን ፈገግታ ፈገግ አሉ።

«ምን ብዬ ልጻፍ?» አሉ አቶ ይስሐቅ፣ እስክሪብቷቸውን እንደያዙ።

«ብልሽቱ በዕቅዱ መሠረት ተገኝቷል ብለው ይጻፉ።»